በደከመ ድንጋይ የተሰማው ጊታር

ፎንቆ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለሐዳሳ አበራ፣
ደርባን

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ ሚክያስ፣ ልጆቹ፣ ሱቁ፣ ሁሉም ደህና? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንኳን ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ አደረሰሽ። የበዓሉ ምግብ አተካናው ሲቀርብ አባትሽ «ይሄ የሐዳሳ ድርሻ ነው» ብሎ ለብቻው አስቀመጠ፤ ኋላ ራሱ በላው። ባለቤቴ ገነቴ እጅግ ትናፍቅሻለች። ይህን በወረቀት ጽፌ ልጄ ሩት ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። «አባዬ፣ ለምን በስልክ አትጽፍም?» ትለኛለች። በአውራ ጣት የተጻፈ ነገር ለኔ ደብዳቤ አይመስለኝም። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ኪቦርድ ገዝታለች። የሚጫወተው ጴጥሮስ የሚባል ከሆሳዕና ከተማ የመጣ ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጣቱም ፈጣን ነው። በመጀመሪያው እሑድ አብረን ስንጀምር ግን ምእመኑ ፊቱን አጨማደደ። የሱ ኪቦርድና የኔ ጊታር እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ሆኑ። ጴጥሮስ ስልኩን አውጥቶ ጊታሬ አጠገብ ያዘው። ስልኩ ክር የሚቃኝ መርፌ አለው፤ መርፌዋ መሃል መቆም ሲገባት ወደ ግራ ወድቃ ቀረች። «ጋሼ፣ ጊታርዎ ዝቅ ብሏል» አለኝ። የተማሪዎቼን ጊታሮች አመጡ፤ እነሱም ዝቅ ብለዋል። የሀቢቾ መንደር ተማሪዎቼም መጡ፤ እነሱም ያው። ከፎንቆ እስከ ሀቢቾ ሠላሳ አንድ ሰው ጊታር አስተምሬያለሁ፤ ለእያንዳንዱም ክሩን የሚቃኝባት የቀርከሃ ፊሽካ ቆርጬ ሰጥቻለሁ። ሠላሳ አንዱም እኩል ዝቅ ብለዋል! ዜማውንም ታጓትታላችሁ ተባልን።

ያችን የመጀመሪያ ፊሽካ በምን ልክ እንደ ቆረጥኳት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1984 ፈትሁዲን የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ከሞያሌ ሲመለስ ጎማው ፈንድቶ እኛ ቤት አደረ። ሲሄድ አንድ ካሴት ሰጠኝ። «የደቡብ አፍሪካ ሮክ ነው፤ ጊታሩ ለኔ ጆሮ ይበዛብኛል» አለ። ጽሑፉ ተፍቆ «ሳም» የሚል ብቻ ቀርቷል። የአባትሽን ቴፕ ለምኜ ከፈትኩት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጊታር የማውቀው ከመዝሙር ሥር ሽክሽክ ሲል ብቻ ነው። ይሄኛው ብቻውን ወጥቶ ቆመ። ቃል የለውም፣ ግን ይናገራል። አንዱን ድምፅ ይይዘዋል፣ እስኪያለቅስ ይጎትተዋል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሁልጊዜ ዳገት የሚወጣ ሰው ይታየኝ ነበር። ሐዳሳ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ከእንጨትና ከሽቦ ይህን ማውጣት ይችላል ብዬ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ዋንዛ ጠርቤ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ አንገቱ ላይ ደርድሬ፣ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ፈትቼ ክር አድርጌ የመጀመሪያ ጊታሬን ሠራሁ፤ ፊሽካዋንም በካሴቱ ድምፅ ልክ ቆረጥኳት። ሽማግሌዎቹ «ዓለማዊ ነው» ሲሉ «ቃል የለውም፤ ቃል ከሌለው ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ተከራከርኩ። አባትሽ ግን ዜናው ሲያልቅ አዲሶቹን የባትሪ ድንጋዮች ከቴፑ አውጥቶ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። «ለዓለም ጩኸት የደከመው ይበቃዋል» ይላል። የደከሙትን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምታሰጪልኝ አንቺ ነበርሽ፤ እምቢ ሲሉ በጥርስሽ ትነክሻቸው ነበር። በዚህ ነገር አባትሽን እስከ ዛሬ ከልቤ ይቅር አላልኩትም። በ1989 ቴፑ ካሴቱን እስኪበላው ድረስ አንድም ቀን በአዲስ ድንጋይ አልሰማሁትም።

አሁን ሚያዝያ 19 ሆሳዕና ላይ የመዘምራን ጉባኤ አለ። ከዚያ በፊት ጊታሮቹ ሁሉ በኪቦርዱ እንዲቃኙ፣ ዜማውም እንዲፈጥን ተወስኗል። እኔ አስቸገርኩ። አንቺ ጊታሩን በተጫወተው ሰውዬ አገር ነሽ። እባክሽ ፈልጊልኝ፤ ካገኘሽው አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፤ ተገኘ የሰማው ልክ ነው ወይ? ሠላሳ አንድ ሰው አሳስቼ ከሆነ ሁሉንም ይቅርታ ጠይቄ ጊታሬን እሰቅላለሁ። ክር ካገኘሽም ቀጭኑን ላኪልኝ።

ጌታ በመግባት በመውጣትሽ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ተገኘ


ደርባን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለመምህር ተገኘ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትዎ አይለይ። እኛ በጸሎታችሁ ደህና ነን። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ሳነበው ሚክያስ ደንግጦ «ማን ሞተ?» አለኝ። የባትሪውን ጣዕም እስከ ዛሬ ጥርሴ ያስታውሰዋል፤ ኮምጠጥ ይላል።

ሱቃችን ያለው ሎኬሽን በሚሉት የድሆች መንደር ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ዳቦና ዘይት በቀዳዳ አቀብላለሁ። እዚህ ሁሉም ሰው ዘፋኝ ያውቃል፣ «ሳም» ብቻ ብዬ ስጠይቅ ግን ይስቁብኛል። በእጅዎ የተጫወቱትን ሩት ቀርጻ ብትልክልኝ ለደንበኞቼ አሰማቸዋለሁ። ዜማውን የሚያውቅ አይጠፋም።

ባለፈው ሰኞ ክር ልገዛ ከተማ ወርጄ የጊታር ሱቅ ገባሁ። አጎቴ፣ ምነው እርስዎ በነበሩ! ከወለል እስከ ጣሪያ ጊታር ነው፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ የወርቅ ቀለም ያለው። እጄን ኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። ሻጩ አንዱን አንስቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እንደ አራስ ልጅ መተንፈስ ፈርቼ ያዝኩት። የእርስዎ የመጀመሪያ ጊታር በጃንጥላ ዘንግና በፍሬን ሽቦ እንደ ተሠራ ስነግረው ጓደኞቹን ጠርቶ ድጋሚ አስወራኝ። አንዱ ፀጉሩ እስከ ወገቡ የሆነ ሮከር «ይህ ሰው በሕይወት አለ?» አለኝ። በሕይወት አለ፣ ሒሳብም ያስተምራል አልኩት። ክሩን ዋጋ ቀንሰው ሰጡኝ። ለገና ወደ አገር የሚመጣው የሰፈራችን ልጅ ሆሴዕ ይዞልዎት ይመጣል።

አባዬን ሳሙልኝ፤ ድርሻዬን ስለ በላው ግን ከንፈሬን ነክሼበታለሁ።

ልጅዎ ሐዳሳ


ፎንቆ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ሐዳሳ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። የጊታር ሱቁን ወሬ ለተማሪዎቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የወርቅ ቀለም ያለው ስትይ አንዱ «ኧረ በጌታ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ስንት ክር እንዳለው፣ አንገቱ ከምን እንጨት እንደ ሆነ ሳትጽፊ መቅረትሽን ግን አልወደዱልሽም።

ቅጂው ይኸው። ሩት ስልኩን ሙቀጫው ላይ አቁማ ቀረጸችኝ። በመጀመሪያው ዶሮ ገባ፣ በሁለተኛው አባትሽ ገባ፣ በሦስተኛው ጣቴ ክሩን ሳተ። ይሄ አራተኛው ነው። ስጫወት «ይህን የሚሰማው ሰውየው ራሱ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ላብ አጠመቀኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ መምህሬ ነው፤ ፊቱን አላውቀውም፣ እሱም መኖሬን አያውቅም። ሲሳሳት ሰምቼው አላውቅም፤ ስለዚህ የተሳሳተ ካለ እኔ ነኝ።

ጴጥሮስ ጊታሬን በኪቦርዱ እንድቃኝ እስካሁን ይጠብቀኛል። መልስሽን ቶሎ።

አጎትሽ ተገኘ


ደርባን፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፤ ሱቁ ሥራ በዝቶበት ነው። ክሩ በሆሴዕ እጅ እንደ ደረሰዎት ተስፋ አለኝ። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። ገነቴ ትንሽ በርበሬ በሰው ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። የናንተ አገር ዝናብ እንዴት ነው? ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ልጅዎ ሐዳሳ


ፎንቆ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐዳሳ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ክሩ ደርሶኛል፤ አልፈታሁትም። በርበሬውን ገነቴ ታዘጋጃለች። ዝናቡም ደህና ነው።

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ ያልሠራውን ጥያቄ ሲዘለው አውቃለሁ። ሁለት ወር ተኩል ጠፍተሽ ስለ ዝናብ ትጠይቂኛለሽ፤ ስለ ሰውየው ግን አንድ ቃል የለም። አንድ ነገር አግኝተሻል፤ ያገኘሽውም የሚያስደስት አይደለም።

ጴጥሮስ የሀቢቾን ጊታሮች በሙሉ አጥብቋቸዋል። ልጆቹ አፍረው ነው መሰለኝ፣ ሰባቱ ፊሽካቸውን መልሰውልኛል። ሰባት ፊሽካ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሮ እያየሁ ነው የምጽፍልሽ። ጊታሬን ከተሰቀለበት ካወረድኩት ወር አልፎኛል። ጉባኤው ሲደርስ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ «አሳስቻችኋለሁ» ማለት ካለብኝ እላለሁ፤ ግን የማላውቀውን ጥፋት አልናዘዝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ እያደርኩ ነው፤ አንቺ አጥሪልኝ።

እውነቱን ጻፊልኝ። አልቆጣሽም።

አጎትሽ ተገኘ


ደርባን፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጌታ ልብዎን ያጽና። ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ገነቴም አጠገብዎ ትሁን።

ደብቄዎታለሁ። በኅዳር ቅጂዎን ሱቅ ውስጥ እንደ ከፈትኩት አንዲት አሮጊት ዳቦዋን እንደ ያዘች ቆመች። «ይሄ የሳምሶን ማቴቡላ ነው» አለችኝ፤ «ግን ለምን እንዲህ ያለቅሳል?» ልጇ ቤት የድሮ ሸክላው እንዳለ ነገረችኝ። ሄጄ ሰማሁት። አጎቴ፣ ዜማው ራሱ ነው፤ ግን ይሮጣል። ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ጥድፍ ጥድፍ የሚል። ሰርግ ላይ ይጨፈርበታል። ዳገት የሚወጣ ሰው የለም።

እዚያው ወንበር ላይ ሁሉም ገባኝ። ድንጋዩ ሲደክም ቴፕ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ድምፁም ይወርዳል። እርስዎ የሰሙት በአባዬ የደከመ ድንጋይ ነው፤ ፊሽካዋን የቆረጡትም በዚያ ልክ ነው። ድንጋዮቹን ያሰጣኋቸውና የነከስኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ! በእጄ ያሳሳትኩዎት መሰለኝ። እንዴት ልጻፈው? ለዚህ ነው ስለ ዝናብ የጠየቅኩት።

የሰባቱ ፊሽካ ወሬ ሲደርሰኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሰውየው ካለ ቢያንስ አንድ መልካም ቃል ለምኜ ልላክልዎ ብዬ ተነሣሁ። አሮጊቷ «በሕይወት አሉ» አለችኝ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚክያስ ወሰደኝ።

ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ዱባቸውን ሲኮተኩቱ አገኘናቸው። ስለዚያ ዜማ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እሱን አልጫወትም፤ አርባ አምስት ዓመት አልተጫወትኩትም» ብለው ወደ ዱባቸው ዞሩ። እኔም በተሰባበረ ዙሉና እንግሊዝኛ ለመንኩ። አጎቴ ገጠር ያለ መምህር ነው፣ በደከመ ባትሪ ሰምቶ ተሳስቶ ነው የተማረው፣ አይፍረዱበት አልኩና ስልኩን ከፈትኩት።

መኮትኮቻው ከእጃቸው ወደቀ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ባርኔጣውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስንጀምር ዱባው መሃል ቁጭ ብለው ያለቅሱ ነበር፤ ሚክያስም እኔም አብረናቸው አለቀስን፤ ለምን እንደምናለቅስ እንኳ አናውቅም ነበር።

ከዚያ ነገሩን። ዜማውን ያወጡት ቀስ ብሎ የሚሄድ አድርገው ነው። ስሙ «ዳገቱ» ነው፤ እናታቸው ውኃ ተሸክመው ያን ኮረብታ ሲወጡ ነው። ጊታራቸውንም ሁልጊዜ ዝቅ አድርገው ነው የሚቃኙት፤ የቤተ ክርስቲያናቸው አሮጌ ኦርጋን ዝቅ ያለ ስለ ነበር፣ ጆሯቸው በዚያ አድጓል። ሙዚቃውን ያሳተመው ሰው «ይሄ አያስጨፍርም» ብሎ ሳይነግራቸው ቅጂውን አፈጠነው፤ ስሙንም ለወጠው። በየመንደሩ ተወደደ። እሳቸው ግን «እናቴ ስትሮጥ አየሁ፣ ሰው ሲስቅባት አየሁ» አሉ። ዋናው ቅጂ ጠፋ። ልኩን ከሳቸው በቀር የሰማ ሰው በዓለም ላይ የለም ብለው ሲያምኑ ኖሩ።

«ይህን ሰው ማን አስተማረው?» አሉኝ። «ከእርስዎ በቀር ማንም» አልኳቸው።

ቤት ገብተው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጊታር አመጡ። ያረጀ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ቀለሙ ክንዳቸው ያረፈበት ቦታ ላይ አልቋል። ከቅጂዎ ጋር አብረው ጀመሩ። አጎቴ፣ ገጠመ። ከአንዲት ክር በቀር ሁሉም ገጠመ። ማጥበቂያዋን ፀጉር ታህል ነካ አደረጉና ፈገግ አሉ። «የተንሸራተትኩት እኔ ነኝ። እሱን እንዳትነኩት» አሉ። አብራችሁ የተጫወታችሁትን ቀርጼ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ ፎንቆ፣ እሳቸው ኮረብታው ላይ፤ ሁለታችሁም የምትወጡት አንድ ዳገት ነው።

አሳታሚው ያፈጠነውን የደከመው ባትሪ መልሶ ወደ ልኩ እንዳዘገየው ሳስረዳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ያ ባትሪውን የሚቆልፈው ሰው በሕይወት አለ?» አሉ። አባቴ ነው አልኳቸው። «እጁን ሳሚልኝ» አሉ።

አደራዎን፣ እርስዎ እጁን ይሳሙልኝ፤ እኔ ሩቅ ነኝ።

ልጅዎ ሐዳሳ


ፎንቆ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሐዳሳ፣

እግዚአብሔር የልብሽን መሻት ይስጥሽ። እኔስ ምን እላለሁ? ደብዳቤሽን ገነቴ ናት ጨርሳ ያነበበችልኝ፤ እኔ «መኮትኮቻው ወደቀ» ከሚለው ማለፍ አልቻልኩም። ቅጂውን በጆሮዬ ይዤ እስኪነጋ ተቀመጥኩ። እሳቸው አንዱን ድምፅ ሲጎትቱ እኔም አብሬ ስጎትት፣ የትኛው የኔ የትኛው የሳቸው እንደ ሆነ የጠፋብኝ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሐዳሳ፣ ፈራሁ። ጎማው ባይፈነዳስ? አባትሽ ቸር ሰው ቢሆንስ? የእግዚአብሔር አሠራር እንዲህ ትንንሽ ነገር ውስጥ ይገባል ብዬ አላስተማርኩም ነበር።

ቅጂውን ለጴጥሮስ አሰማሁት። ሁለት ጊዜ ሰማና ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ለካ ድምፁን ሁሉ አንድ ላይ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው! ፊሽካዬን ተቀብሎ እየነፋ፣ ቁልፉን እየነካ፣ ኪቦርዱን ወደ እኛ አወረደው። «ጋሼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው ብዬሽ የለ? ሰባቱም መጥተው ከጠረጴዛዬ ላይ ፊሽካቸውን አነሡ፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሆሳዕና ላይ መዝሙር ከመጀመራችን በፊት «ዳገቱ»ን ሠላሳ ሁለት ጊታር ሆነን ተጫወትነው። የላክሽልኝን ክር ያን ዕለት ነው የፈታሁት። የእናታቸውን ስም ስላልጻፍሽልኝ በጸሎት «ያች እናት» ብዬ ነው ያነሣኋት፤ ስሟን ጠይቀሽ ላኪልኝ። ከእንግዲህ ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም።

ከጉባኤው መልስ አባትሽ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ዜና ይሰማል። የካሴቱን ሙሉ ታሪክ ነገርኩትና እጁን ይዤ ሳምኩት። «ይህን የላከልህ የደቡብ አፍሪካው ሰውዬ ነው» አልኩት፤ «የኔም አለበት።» ደነገጠ። ንፍገቱ እንደሚከነክነኝ ለካ እሱም ያውቅ ነበር። ተነሥቶ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ድንጋዮቹን አወጣ። «ትናንት የተገዙ ናቸው፤ አዲስ ናቸው። ውሰድ» ብሎ ዘረጋልኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው።

መልሼ ሬዲዮው ውስጥ ከተትኳቸው።

«ሲደክሙ ትሰጠኛለህ» አልኩት።

አጎትሽ ተገኘ